የእናቴ ምጣድ ስንት ዋት ነው?

አንድ የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ቮልትና አምፔር ልጻፍ ብሎ ሲነሣ “ይሄ ልጅ ዲፓርትመንት ተሳስቶ ነው እንዴ የገባው?” የምትሉ አትጠፉም። ቆዩኝማ። የምጽፈው ወልድያ ከተማ ውስጥ ስላለ አንድ ግቢ፣ በግቢው ስላለ አንድ ቆጣሪ፣ በቆጣሪው ሰበብ ስለተነሣ ጠብና ጠቡን ስላበረዱት ሁለት ቁጥሮች ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ነገሩ ከእኛ ሙያ ሩቅ እንዳልሆነ ታዩታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በቅድሚያ ግቢውን ላስተዋውቃችሁ። ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈውም፣ ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር የሚታጠፈውም ሳይረግጣት አይሄድም። መንገደኛ ካለ ምግብ ቤት አለ፤ ምግብ ቤት ካለ ደግሞ እንጀራ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። እናቴ ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ናት። ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለሰፈራችን ሱቅ እንጀራ ታስረክባለች። የእኔ የደብተርና የትራንስፖርት፣ የታናሽ እህቴ የዩኒፎርም፣ የቤት ኪራዩም ጭምር የሚወጣው ከዚያ ምጣድ ላይ ነው።

ቤቱ የኪራይ ነው። በግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ እንኖራለን፦ የግቢው ባለቤት እትዬ፣ ጡረታ የወጡት ጋሼ ከባለቤታቸው ጋር፣ ገና ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ተጋቢዎችና እኛ። አራት ቤት፣ ቆጣሪ ግን አንድ! በየወሩ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ እትዬ ወረቀቱን ይዘው ግቢው መሐል ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በኪራይ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

አምና ክረምት ላይ ግን ነገሩ ከወትሮው ከረረ። እትዬ እናቴን ጠርተው “እንግዲህ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ አንቺ ትከፍያለሽ። አይ ካልሽ ምጣድሽን ከግቢዬ አውጪ” አሏት። እናቴም “እትዬ፣ እኛ ከአራት ቤት አንዱ ነን። እንደማንኛውም ሰው ሩቡን እከፍላለሁ፤ ከዚያ በላይ ከየት አምጥቼ?” አለች። ጋሼ ከበረንዳቸው ሆነው “ኧረ ተዪ ልጄ! ያንቺ ምጣድ ሲሰካ የእኔ አምፖል ይደክማል። ይሄን ዓይናችን እያየ?” ሲሉ ጨመሩበት። አዲሷ ሙሽራ ደግሞ “እኛ ያለችን አንዲት ስቶቭ ናት፤ እሷ ምን ትበላለች ብላችሁ ነው?” ብላ ራሷን አወጣች።

ልብ በሉልኝ። ለእትዬ ጉዳዩ የገንዘብ ነው፤ ለእኛ ግን የመኖር ነው። ምጣዱ ከግቢው ወጣ ማለት ሌላ ቤት መፈለግ ማለት ነው፤ “እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ” ለሚል ተከራይ በቀላሉ በሩን የሚከፍት አከራይ ደግሞ ጥቂት ነው። ያን ቀን ስሰማ የዋልኩት “ይበላል”፣ “አይበላም”፣ “ብዙ”፣ “ትንሽ” የሚሉ ቃላትን ብቻ ነው። “ስንት?” ያለ ሰው አልነበረም።

ታዲያ “ስንት” የሚለውን ለማወቅ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ቮልትና አምፔር። ነገሩን ጣሪያ ላይ በተሰቀለ የውኃ ሮቶ ብታስቡት ይቀላል። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው በኃይል ይገፋል፤ ቮልት ማለት ያ ግፊት ነው። በጎማው ውስጥ በእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚያልፈው የውኃ መጠን ደግሞ አምፔር ነው እንበል። ጎማው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ውኃው እንደልቡ አያልፍም። ይህ የጎማው እምቢታ በኤሌክትሪክ ቋንቋ ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። ሒሳቡ አንድ መስመር ነው፦ ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉት ሬዚስታንሱን ታገኛላችሁ፤ ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዙት ደግሞ ኃይሉን፣ ማለትም ዋቱን። አንዴ ማካፈል፣ አንዴ ማባዛት፤ ሌላ ነገር የለውም።

መርሳ ተወልዶ ወልድያ የኤሌክትሪክ ጥገና የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለኝ። ገመዱን ሳይቆርጥ አቅፎ አምፔር የሚያነብ ቴስተር ስላለው ለመንኩት፤ እሱም “አብሽር፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ” አለኝ። በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። እትዬ፣ ጋሼና ሙሽራዋም ወጥተው ከበቡን። ምጣዱ እየሠራ ሳለ ቮልቱን ለካ፤ 220 ነበር። ከዚያ ቴስተሩ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ እንዲያቅፍ አደረገው። (ሁለቱን አንድ ላይ ካቀፈ ሄዶ የሚመለሰው ከረንት ስለሚጣፋ ዜሮ ያነባል።) 16 አምፔር አለ። በሉ እንግዲህ፦ 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም፤ 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት። የእናቴ ምጣድ ይህ ነው። ባለ 9 ዋት አምፖል ቢሆን ወደ 390 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ “አላልኩም?” ብለው እናቴን አዩአት። እናቴ አንገቷን ደፋች።

ጓደኛዬ ግን መሣሪያውን አላስገባም። “የሌላውንስ?” አለ። የሙሽሮቹ ስቶቭ ተሰካች፦ 220 ቮልት፣ 5 አምፔር። ሬዚስታንሷ 44 ኦም፣ ኃይሏ 1,100 ዋት። እምቢታዋ ከምጣዱ በሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ የምታሳልፈው ከረንት ያንሳል። የእትዬ የራሳቸው ምጣድም ተለካ፤ ከእናቴ ምጣድ እምብዛም አይለይም፣ 3,500 ዋት ገደማ ነው። የፍሪጁን ግን ጓደኛዬ በዚህ መንገድ አልለካም አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ምጣድና ስቶቭ የሚሞቅ ሽቦ ብቻ ስለሆኑ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት በቂ ነው፤ ፍሪጅ ግን ሞተር ስላለው ብዜቱ ከእውነተኛው ፍጆታ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ በዚያ ላይ እየበራና እየጠፋ ይሠራል። “በማላምነው ቁጥር ሰው አላጣላም” አለ። ይህችን አባባል በማስታወሻ ደብተሬ ይዣታለሁ። የእኛም ሙያ ነቷ!

ዋት ግን ብቻውን ሒሳብ አያስከፍልም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ማለትም ኃይሉ በቆየበት ጊዜ ተባዝቶ። ትልቅ ኃይል ለአጭር ጊዜ፣ ትንሽ ኃይል ለረጅም ጊዜ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ስምምነት ላይ ተደረሰ፦ ለአንድ ወር ያህል ምጣድም ሆነ ስቶቭ የሰካ ሰው ሰዓቱን ይጻፍ። እህቴ ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ ቆጣሪው አጠገብ ሰቀለች፤ ብዕሯን በክር አሠረችበት። መጀመሪያ ላይ ተሳሳቁበት፤ በኋላ ግን ጋሼ ራሳቸው ተቆጣጣሪ ሆነው አረፉት።

ወሩ አለቀ። ቆጣሪው ያነበበው 310 ኪሎ ዋት ሰዓት ነበር። እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ስለጋገረች በአራት ሳምንት 36 ሰዓት ሆነ፤ 36 በ3.52 ሲባዛ ወደ 127 ኪሎ ዋት ሰዓት። “ምን ትበላለች” የተባለችው ስቶቭ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በወር 90 ሰዓት ተሰክታለች፤ 90 በ1.1 ሲባዛ 99 ኪሎ ዋት ሰዓት። የእትዬ ምጣድ በወሩ ውስጥ ለስድስት ሰዓት ስለተሰካ 21። እነዚህ ተደምረው 247 ይሆናሉ። የቀረው 63 የፍሪጁ፣ የቴሌቪዥኖቹ፣ የአምፖሎቹና የሞባይሎቹ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ ማንን ደገፈ? እውነቱን ለመናገር ማንንም አልደገፈም። እትዬ ሁለት ሦስተኛ ነው ያሉት የእናቴ ምጣድ ከ310ሩ 41 በመቶ ሆኖ ተገኘ። እናቴም ሩብ ነው ብላ የተከራከረችው ከሩብ በላይ ሆነ፤ በዚያ ላይ የአምፖልና የቴሌቪዥን ድርሻዋ አለ። ልጇ ነኝና ሒሳቡ ሩብ ላይ ቢያርፍልኝ ደስ ባለኝ። ነገር ግን 220ን በ16 ማንም ቢያባዛው 3,520 ነው፤ የእናቴም ልጅ ቢያባዛው፣ የእትዬም ልጅ ቢያባዛው። እናቴ ዝም ብላ ሰማችና “እሺ፣ የኔ የሆነውን እከፍላለሁ። የሰውን ግን አልከፍልም” አለች። የስቶቭዋ ባለቤት ሙሽራ 99ኙን ስታይ ክው አለች። የተረፈውን 63 ተነጋግረው ተካፈሉት፤ ፍሪጅ ያላቸው እትዬ ከፍ ያለውን ወሰዱ። ምጣዱም ከግቢው አልወጣም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጠቁም። የአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ የተጠቀማችሁት በበዛ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ አንድ ትልቅ ቤት ይመስልና ሁሉም ተያይዘው ወደ ላይኛው እርከን ይወጣሉ። አምፖል ብቻ የሚያበሩት ጋሼ በየራሳቸው ቆጣሪ ቢሆኑ ኖሮ ከታች ካለው እርከን ባልወጡ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ከሚጣላባቸው ነገሮች አንዱ ከምጣዱ ሳይሆን ከቆጣሪው ማነስ የሚመጣ ነው። ይህንንም ያየነው ከቆጠርን በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የዚህን ሒሳብ ባለቤት ማንሳት ተገቢ ነው። ጌኦርግ ሲሞን ኦም በ1789 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ኤርላንገን ውስጥ ከአንድ ቁልፍ ሠሪ ተወለደ። ኮሎኝ ከተማ በመምህርነት ሲሠራ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች እያገናኘ የሚያልፈውን ከረንት ይለካ ነበር። የሚገርመው፣ እሱንም ያስቸገረው የመብራት መዋዠቅ መሆኑ ነው! በዘመኑ የነበሩት ባትሪዎች ግፊታቸው ከደቂቃ ደቂቃ ስለሚለዋወጥ የለካው ቁጥር አልጸና ይለው ነበር። በመጨረሻ ሁለት ዓይነት ብረቶችን አጋጥሞ፣ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አድርጎ የማይዋዥቅ ግፊት አገኘና ሕጉን አወጣ። መጽሐፉን በ1827 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ብዙዎች ቁብ አልሰጡትም፤ የመምህርነት ሥራውንም ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ የሸለመው በ1841 ነው። በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ደግሞ የሬዚስታንስ መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። ያን ጊዜ ኦም በሕይወት አልነበረም።

ኦምን ያስቸገረው የግፊት መዋዠቅ እኛም ሰፈር አለ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጓደኛዬ ተመልሶ መጥቶ ያንኑ ምጣድ ለካው። ቮልቱ 176 ነበር፤ አምፔሩ 12.8። አካፍሉት፦ አሁንም 13.75 ኦም። ሽቦው ያው ሽቦ ነው፤ እምቢታው አልተለወጠም። አሁን አባዙት፦ 2,253 ዋት። ቮልቱ ከመቶ ወደ 80 ነው የወረደው፤ ኃይሉ ግን ከመቶ ወደ 64 ወረደ። ለምን ቢባል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ከረንቱም አብሮት ይቀንሳል፤ ሁለት ቅናሽ ይባዛሉ፤ 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64 ነው።

ይህ ቁጥር በእንጀራ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ እንጀራ በሦስት ደቂቃ ይወጣል፤ ማታ አምስት ደቂቃም ይፈጃል። ምጣዱ በደንብ ስላልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ይነጫል፣ ምጣዱ ላይ ይይዛል። ምግብ ቤቱ ደግሞ ዓይን የሌለውን እንጀራ አይረከብም። “ማታ እኮ ኃይሉ ስለሚያንስ ሒሳቡም ያንሳል” የሚል ካለ ይህን ይመልከት፦ 3,520 ዋት ለሦስት ደቂቃ 176 ዋት ሰዓት ነው፤ 2,253 ዋት ለአምስት ደቂቃ ደግሞ ወደ 188። ምጣዱ በቆየ ቁጥር ሙቀቱ ወደ አየር ስለሚያመልጥ እናቴ ለአንድ እንጀራ የምትከፍለው ማታ ይብሳል፤ የምታገኘው ግን የከፋውን እንጀራ ነው። እናቴ ጠዋት መብራት ጠፍቶ በዋለበት ቀን ማታ ስትጋግር የምትነጫነጨው በከንቱ አልነበረም። “መብራቱ ሊጥ ይበላል” ስትል የኖረችው ነገር ቁጥር ነበረው።

ግፊቱ የት ሄደ? መልሱ በመንገድ ላይ ነው። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤታችን ያለው ሽቦም የራሱ እምቢታ አለው። ለምሳሌ ያህል ግማሽ ኦም እንበለው። ጠዋት ጥቂት ሰው ሲጠቀም የሚያልፈው ከረንት ትንሽ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚቀረው ግፊትም ትንሽ ነው። ማታ ሁሉም ሲሰካና በሽቦው 88 አምፔር ሲያልፍ ግን 88 በ0.5 ተባዝቶ 44 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ220 ላይ 44 ሲነሣ 176። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሽቦው ያ አንድ ሰው ነው። አሁን 44ን በ88 አባዙት፦ 3,872 ዋት። ማንም ያልበላው፣ ማንም ያልጋገረበት አንድ ሙሉ ምጣድ በሰፈሩ ሽቦ ላይ ሲግል ያመሻል ማለት ነው። የጋሼ አምፖል የሚደክመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምጣዱ የእሳቸውን ኃይል ሰርቆ ሳይሆን ሁላችንም በአንድ ቀጭን መንገድ ስለምንጋፋ ነው።

ከፍተኛ መስመሮች በመቶ ሺዎች ቮልት የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ያንኑ ኃይል በእጥፍ ግፊት ብትልኩት ከረንቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሽቦው ላይ የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት የሆነው በዚህ ስሌት ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል። በእናቴ ምጣድ ሲመነዘር አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ስልሳ ሺህ ገደማ ምጣድ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ግን ደግሞ “ግድቡ እያለ የእኛ ሰፈር ለምን ይደክማል?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግድቡ ላይ ብቻ አይገኝም፤ የመጨረሻዋ ትራንስፎርመርና የመጨረሻዋ ሽቦ ላይም መፈለግ አለበት።

ሐብሩ ወረዳ ገጠር የሚኖሩት አጎቴ ደግሞ የሌላ ዓይነት ጥያቄ አላቸው። ቤታቸው ሶላር አለ። “ይቺ ሶላር ሌሊቱን ሙሉ አምፖል የምታበራ ከሆነ እንጀራ የማትጋግርልን ለምንድን ነው?” ይላሉ። ያው ሒሳብ ይመልስላቸዋል። ባትሪያቸው 12 ቮልት ነው። 9 ዋት አምፖል ከ12 ቮልት የሚፈልገው 0.75 አምፔር ብቻ ነው። 3,520 ዋት ግን ከ12 ቮልት ለማግኘት 293 አምፔር ያስፈልጋል። ይህ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንድ የሚያወጣው ዓይነት ከረንት ነው፤ እናቴ ደግሞ የምትፈልገው ለሦስት ሰዓት። አጎቴ ይህን ስነግራቸው “እንግዲያውስ እንጨቱን ልፍለጥ” ብለው ሳቁ።

ስለ እንጨት ካነሣን አይቀር፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ወልድያ በጦርነቱ ምክንያት በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችባቸው ወራት መብራት፣ ስልክና ባንክ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ጥግ ላይ ተቀምጦ አቧራ ለበሰ፤ እናቴ ሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዳ በጭራሮና በጭስ ጋገረች፤ ለመሸጥ ሳይሆን ለመብላት። ከሽቦው እምቢታ የጎደለ አልነበረም፤ 13.75 ኦሙ ያው ነበር። ግፊት ከሌለ ግን ከረንት የለም፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። ምጣዱ የሚችለውን ነገር ሁሉ እንደያዘ ተቀምጦ አንዲት እንጀራ አይጋግርም። መብራቱ በተመለሰ ቀን እናቴ ምጣዱን በጨርቅ ወለወለችና ሊጥ ከማቡካቷ በፊት እጇን ከላዩ ዘርግታ ሙቀቱን ጠበቀች።

ለባለምጣዶች አንድ ምክር ጣል ላድርግ። የምጣድ ሽቦ ሲቃጠል ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ያወጣና ጫፍና ጫፉን ይገጥመዋል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር እምቢታው ይቀንሳል። የእናቴ ምጣድ አንድ አሥረኛው ቢያጥር ሬዚስታንሱ 12.4 ኦም ገደማ ይሆናል፤ በ220 ቮልት የሚያሳልፈውም 17.8 አምፔር። “ከተጠገነ ወዲህ ምጣዴ ጥሩ ይግላል!” ያሰኛል። ሶኬቱ ላይ ግን 16 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ሶኬቱ የሚጠቁረውና ፕላስቲኩ የሚሸተው በዚህ ነው። ስለዚህ ሽቦው እንዳያጥር ሙሉውን አስቀይሩ፤ ልኬቱንም ለባለሙያ ተዉት እንጂ በራሳችሁ ሽቦ አትንኩ።

ወደ እኛ ሙያ ልመለስና ላብቃ። ነገ ከነገ ወዲያ ማይክራፎን ይዘን ወደ አንድ ሰፈር መላካችን አይቀርም። ነዋሪው “መብራት ደከመብን” ይላል፤ ኃላፊው ደግሞ “መብራት አለ” ይላል። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። 176 ቮልት “አለ” ከተባለ አለ፤ እንጀራ መጋገር ግን ተስኖታል። የሁለቱን ቃል ለጥፎ “ነዋሪዎች ቅሬታ አሰሙ” ብሎ መመለስ ቀላል ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘን እንድንሄድ እመኛለሁ፦ ስንት ቮልት? በስንት ሰዓት? ከትራንስፎርመሩ በስንት ሜትር ርቀት? በአንድ ትራንስፎርመር ስንት ቤት? እነዚህን የጠየቀ ጋዜጠኛ መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም፤ ማካፈልና ማባዛት ይበቃዋል። የሚያገኘው ቁጥር ለነዋሪውም ለኃላፊውም ላይጥም ይችላል። ለእናቴም፣ ለእትዬም አልጣመም ነበር፤ ግን ሁለቱም ተቀብለውት እስከ ዛሬ በአንድ ግቢ እየኖሩ ነው።

ቆጣሪው አጠገብ የተሰቀለው ወረቀት በየወሩ ይቀየራል። ሙሽሮቹ ስቶቫቸውን ድስት ሳይከድኑ አይሰኩም። ጋሼ ደግሞ ማታ አምፖላቸው ሲደክም መውቀሳቸውን ትተው “ዛሬስ ስንት ቮልት ይሆን?” እያሉ ይጠይቁኛል።

ቸር ይግጠመን።